አባ ናዳ የሞተ ለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ሰኔ ነው። የሰኔ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። ሰዓቱን ያነሳሁት ወሬ ለማሳመር አይደለም። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከሰዓቱ ነው። ሻይ ተፈልቶ፣ ሰው ገብቶ፣ መኪና መጮህ ከጀመረ በኋላ ስልኬን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሰዎች የሚጽፉትን ገጠመኝ ሳነብ መጨረሻው ላይ «ተመስገን» የሚል አይጠፋም። የእኔ የለውም። ከአሁኑ ልንገራችሁ።

የሞተው ሰው የሬስሊንግ ታጋይ ነው። ፈረንጅ ነው። አግኝቼው አላውቅም፤ እሱም ሉማሜ የምትባል ከተማ መኖሯን ሳያውቅ ነው የሞተው። የእንግሊዝኛ ስሙን አልጽፈውም፤ እኛ ጋ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው የለም። እኛ ጋ አባ ናዳ ነው። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ይበልጣል ነው።

እናታችን ከመኪና መቆሚያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላት። ከኋላው ባለችው አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። ከሻይ ቤቱ ሦስት በር አለፍ ብሎ ዲሽ የሚያሳይ ቤት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሬስሊንግ ይታያል። መጀመሪያ ቀን ይበልጣል ይዞኝ ሲሄድ እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ እሱ ሰባተኛ። በረኛው «ሴት አይገባም» አለ።

«ሴት አይደለችም» አለው ይበልጣል፣ «እህቴ ናት።»

ገባሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም።

አባ ናዳ ደረቱ እንደ ጎተራ የሰፋ፣ ራሱን የተላጨ ሰውዬ ነው። ሲያሸንፍ ከገመዱ ማዕዘን ላይ ይወጣና እጁን ዘርግቶ መሬት በተኛው ሰው ላይ በደረቱ ይወርዳል። ሊዘል ሲል ይበልጣል ከወንበሩ ተነስቶ «ናዳ መጣ! ገለል በሉ!» ብሎ ይጮኻል። ቤቱ በሙሉ ይጮኻል። ስሙ በዚያው ቀረ።

እኛም ጭድ ክምር ላይ ሞክረነዋል። ከአጥሩ ላይ የዘለልኩት እኔ ነበርኩ። ክርኔ ወልቆ ወጌሻ አሽቶ መለሰልኝ። እማዬ ግን የገረፈችው ይበልጣልን ነው። እሱም «እኔ ነኝ ዝለይ ያልኳት» አለ። አላለኝም ነበር።

ትምህርት ቤት አንድ መምህር «ይሄ ሬስሊንግ የምትሉት ቲያትር ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ተነጋግረው ነው የሚገቡት» ብሎ ሳቀብን። ቤት መጥቼ አለቀስኩ ማለት እችል ነበር፤ ግን አላለቀስኩም። እኔ አላለቅስም። ተናድጄ ለይበልጣል ነገርኩት። «ድሉ ውሸት ይሁን» አለ፤ «ያን ሁሉ ቁመት ግን በእውነት ነው የሚወድቀው። እስቲ መምህርሽ ከጠረጴዛ ላይ ይውደቅ።»

አላለቅስም ያልኩትን ያዙልኝ። አባታችን የሞተ ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሰሃን ሳጥብ ዋልኩ። አንዷ የአባቴ ዘመድ «ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እማዬም ሰምታለች።

ይበልጣል አሥረኛን ጨርሶ መኪና ላይ ጫኝ ሆነ፣ ከዚያ ረዳት ሆነ፣ ከዚያ ተወው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ማርቆስ ሄጄ ፀጉር ቤት ሠራሁ፤ ከባለቤቲቱ ጋር ተጣልቼ ወጣሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ፤ ሰለቸኝ። ሉማሜ ተመልሼ ከእማዬ ጋር ሻይ እቀዳለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይቆምም፤ የይበልጣልም እንዲሁ ነው። ልዩነታችን እሱ ወንድ ስለሆነ ሩቅ መሄዱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ጥቅምት ላይ ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ወጣ። በጅቡቲ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ሊገባ ነው። ለእማዬ «ለመተማ ሰሊጥ አጨዳ ነው» ብሏታል። ለእኔ እውነቱን ነግሮኛል። ዝም አልኩ። እኔም ብሄድ ደስ ይለኝ ስለነበር ዝም አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጅቡቲ ደወለ። ለእማዬም ያን ቀን ነው የነገራት። አልቅሳ ስልኩን ሰጠችኝ። «ነገ ማታ ወይ ከነገ ወዲያ እንሻገራለን» አለኝ። ንፋስ ይጮኻል፣ ሰው ይጮኻል። «እሑድ አባ ናዳ አለበት አይደል? እዪልኝና ውጤቱን ጻፊልኝ። እዚያ ስደርስ አነበዋለሁ።»

አየሁለት። አባ ናዳ ተሸነፈ። ጻፍኩለት። መልእክቱ ላይ አንድ ምልክት ብቻ መጣ፤ ሁለተኛው አልመጣም። ስልክ ያለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወጥቷል፤ አልደረሰም።

ከሁለቱ ልጆች አንደኛው ከሁለት ወር በኋላ ከየመን ለቤተሰቡ ደወለ። «ጀልባ ላይ ለያዩን፤ ይበልጣል በኋላኛው ነበር» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ወይ ተናግሮ አልነገሩንም። እማዬ «በኋላኛው ነበር» የሚለውን ቃል እንደ ጥሩ ወሬ ያዘችው። ኋላ ያለ ሰው ዘግይቶ ይደርሳል አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አለች። ሻይዋን እየቀዳች ሾፌሮቹን፣ ተሳፋሪውን፣ ከአረብ አገር የመጣ የመሰላትን ሴት ሁሉ ትጠይቃለች። ከጅቡቲ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ካገኘች ሻዩ በነፃ ነው።

እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ውጤት እጽፋለሁ። አባ ናዳ አሸነፈ። አባ ናዳ ጉልበቱን ተጎዳ። አባ ናዳ ሊያቆም ነው ይባላል። አንድ ምልክት። አንድ ምልክት። አንድ ምልክት። ሰው ምን ነካሽ ሊለኝ ይችላል። እማዬ ሾፌር ትጠይቃለች፣ እኔ ይህን አደርጋለሁ፤ ሁላችንም የየራሳችን አለን።

ወደ ሰኔው ልመለስ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ማለዳ ላይ አባርቷል። እማዬ ፊተኛው ክፍል ምድጃ አቀጣጥላ የሻይ ውኃ ጥዳለች። እኔ አልጋ ላይ እንዳለሁ ስልኬን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ያየሁት ነገር የአባ ናዳ ፎቶ ነው፤ በጥቁርና ነጭ፣ ከሥሩ ሁለት ዓመተ ምሕረት። አንዱ የተወለደበት፣ አንዱ የዘንድሮ።

በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ሌላ ገጽ ከፈትኩ። እዚያም አለ። ልቡ ነው ይላል። እንቅልፍ ላይ እንዳለ። አርባ ስምንት ዓመቱ።

ጮህኩ።

ቃል አልወጣኝም፤ ጩኸት ብቻ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ እንደዚያ መጮህ የምችል አይመስለኝም ነበር። አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ከአልጋው ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ማለዳ ከአንድ ቤት ጩኸት ከወጣ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገረውም። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው። ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ሥራ ሳይሄድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሩን ይዞ። ያን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ከፊተኛው ክፍል የብረት ድስት ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ እማዬን ሰማኋት።

«ልጄን! ልጄን! ልጄን!»

ወጣሁ። ደረቷን እየደቃች ነው። የፈላው ውኃ መሬት ላይ ፈስሶ በባዶ እግሯ እንፋሎቱ ውስጥ ቆማለች። «እማ፣ አይደለም!» አልኩ። እንኳን እሷ እኔም ራሴን አልሰማሁትም። እጇን ልይዝ ስል ገፋችኝ። እናቴ ቀጭን ሴት ናት፤ ግድግዳ ላይ ነው የለጠፈችኝ።

በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ሰፈሩ ገባ። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው፤ አመጣጣቸውን። ከአልጋው የተነሳ ሰው እንዲያ አይመጣም። ጎረቤታችን እትየ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ነው የመጣችው። ጋሽ አድማሱ ጎሚስታው ጋቢውን ደርቦ። ሌሎቹም። የንስሐ አባታችን መምሬ ሙሉ ከኪዳን እየተመለሱ ነበር፤ መስቀላቸውን እንደያዙ ገቡ። ማንም «ምን ሆናችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። አንድም ሰው። ሁሉም ቀጥ ብለው እማዬን ያዙ። ሁለት ሴቶች ፊቷን እንዳትነጭ እጇን ይዘዋል። አንዱ በጓሮ ወጥቶ ወንበር ያስገባል። እንደ ተዘጋጀ ነገር ነበር።

እትየ ማንጠግቦሽ እማዬን አቅፋ እያለቀሰች እንዲህ አለች፦

«ስመኝ፣ ተይ እኅቴ! እግዜርን አመስግኚ፣ ወጣልሽ! እኛስ ሰምተን በሆዳችን ይዘነው ከርመን የለም ወይ!»

ቆምኩ። ጩኸቴ እዚያው ደረቀ።

«ምን ሰማችሁ?» አልኩ። ቤቱ ለቅሶ ሆኗል። እማዬ ቁጭ አድርገዋት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች መግጠም ጀመረች። እናቴ አልቃሽ አይደለችም። ከየት አመጣችው አላውቅም።

ባሕሩን አላውቀው፣ ወንዝ ነው የመሰለኝ፣
ብጣራው ከማዶ፣ ልጄ አቤት የሚለኝ።

ሴቶቹ «እህህ» እያሉ ተቀበሏት። ጋሽ አድማሱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔም ያን ጊዜ ነው ወንበር ላይ ወጥቼ በሙሉ ጉሮሮዬ የጮህኩት።

«ይበልጣል አይደለም! ስለ ይበልጣል ምንም አልሰማሁም! የሞተው አባ ናዳ ነው!»

ሴቶቹ እማዬን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባ ናዳ ማነው?» አሉ መምሬ ሙሉ። «የየትኛው ደብር?»

«የሬስሊንጉ ታጋይ ነው» አልኩ። «በዲሽ የምናየው። ፈረንጁ።»

ስልኬን አሳየኋቸው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተራ በተራ አባ ናዳን አየው፤ ግማሽ እርቃኑን፣ በትልቅ የወርቅ ቀበቶ፣ አፉን ከፍቶ ሲያገሣ። አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ዞር አለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላውቅም።

«አንቺ ልጅ» አለ ጋሽ አድማሱ፣ «ለዚህ ነው በማለዳ ለቅሶ ያስቀመጥሽን? ይሄ ዘመድሽ ነው? ሸሚዝ እንኳ የለው!»

«ተው አድማሱ» አሉ መምሬ ሙሉ። ስልኩን ለእኔ እየመለሱ «ነፍስ ይማር» አሉ። «የሰው ልጅ ነው።»

እስከ ዛሬ ለአባ ናዳ ነፍስ ይማር ያለልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

እማዬ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጠኋት። ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

«የሞተው ይሄ ነው?»

«አዎ እማ። ማርያምን። ይሄ ነው።»

«እሺ» አለች።

እሺ ስላለች አመነች ብዬ አሰብኩ። ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ ወጣ። እትየ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። ወንበሩ ተመለሰ። የእማዬ እግር ተልጦ ስለነበር ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። በመንገድ ሁሉ ስቀባጥር ነበር፤ ይቅርታ እያልኩ፣ ራሴን እየሰደብኩ፣ እየሳቅሁም።

በማግስቱ ስነሳ እማዬ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተይኝ አስካል።»

«አሳየሁሽ እኮ! የሞተው ሌላ ሰው ነው!»

«አባትሽ የሞተ ለት» አለች፣ «እኔ ወላጆቼ ጋ ነበርኩ። ማለዳ ሰዎች መጡ። ትንሽ አተኩሶት ነው፣ አንቺን ይጠራል አሉኝ። ደንግጬ ሳለቅስ ሳቁብኝ፤ ለትኩሳት ይለቀሳል ወይ አሉኝ። አራት ሰዓት በእግሬ አስኬዱኝ። እያጫወቱኝ። ድንኳኑን ያየሁት ደጄ ስደርስ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ሰው ደግ ሲሆን ይዋሻል። አውቃለሁ።»

«እኔ ደግ አይደለሁም! መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«ለዚህ ነዋ ያወቅሁት። አንቺ ለአባትሽ አላለቀስሽም። ለገዛ አባትሽ! ለማታውቂው ራቁቱን ለሚዞር ፈረንጅ ነው እንደዚያ የጮኽሽው?»

አባ ናዳን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከፍቼ አሳየኋት። ዓለም በሙሉ የሚያለቅስለት ሰው እንደሆነ አሳየኋት። ትልልቅ ወንዶች በካሜራ ፊት ሲያለቅሱ አሳየኋት። እያየች አንገቷን ትነቀንቃለች። አራት ሰዓት እያጫወቱ እንዳስኬዷት ሰዎች ነው የምታየኝ። ባስረዳኋት ቁጥር ይብስባታል። «ለምን ይህን ያህል ደከምሽ?» ይሆናል በሆዷ። «ይበልጣል ባይሞት ይህን ያህል አትደክሚም ነበር» ይሆናል።

መምሬ ሙሉ ጋ ሄዳ ፍትሐት እንዲፈቱላት ጠየቀች። «መሞቱ ሳይረጋገጥ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይፈታም፣ ስመኝ» አሏት። ተመልሳ መጥታ ለእኔ «እሳቸውም ያውቃሉ፤ እየራሩልኝ ነው» አለችኝ።

ያቺን የእትየ ማንጠግቦሽን ቃል ግን እኔም ሰምቻታለሁ። በሆዳችን ይዘነው ከርመን። በሦስተኛው ቀን ሄድኩባት። ጎመን እየቀነጠሰች ነው።

«እትየ፣ ምንድን ነው የሰማችሁት?»

«መቼ?»

«ያን ለት። ሰምተን በሆዳችን ይዘነው ከርመን ብለሻል።»

«እኔ? ወግድ! መቼ ወጣኝ?»

«እትየ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ጎመኑን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ሰው አፉ ያመጣለትን ይላል። ለማጽናናት ነው። ወግ ነው። ከለቅሶ ቤት የወጣ ቃል እንደ ምስክር ይያዛል ወይ?» ጎመኑን መልሳ አነሳች። የቀነጠሰችውን ቅጠል መልሳ ትቀነጥሳለች። ወይ እርጅና ነው፤ አላውቅም።

እኔ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ሰፈሩን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። በመጨረሻ የጋሽ አድማሱ ሚስት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ አንድ የይጁቤ ልጅ ከየመን ተመልሶ እንደነበረ ነገረችኝ። ከይበልጣል ጋር በአንድ ጀልባ ነበር ይባላል። «ምን አለ?» አልኳት። «እኔ አልሰማሁም» አለች። «ተመለሰ ሲባል ብቻ ነው።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ከሉማሜ ማርቆስ፣ ከማርቆስ ይጁቤ። ገበያ ቀን ስለነበረ መኪናው በሰውና በጤፍ ጆንያ ጢም ብሏል። ዝናብ ነው። በመንገድ ሁሉ ለልጁ የምጠይቀውን እያሰላሁ ነበር። ይበልጣል ግራ ክርኑ ላይ ጠባሳ አለው። ቀለበት አያደርግም። ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ ነው የሚጥለው። አየኸው? ስንት ሰዓት ላይ አየኸው?

ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። የልጁ አባት ደጃፍ ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል።

«እንደምን ዋሉ አባባ። ልጅዎን ፈልጌ ነው።»

«ልጄ የለም። ተመልሶ ሄዷል።»

«የት?»

«ወደዚያው» አሉ። «አርባ ቀን እንኳ አልተቀመጠ። ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሉማሜ። የይበልጣል እኅት ነኝ።»

ስሙን ስናገር ያዩኝ አስተያየት አለ። ወዲያው ዓይናቸውን መልሰው ወደ ዝናቡ አዞሩት።

«ግቢ ልጄ» አሉ። «ብርድ ነው።»

አስገቡኝ። ከመደቡ ላይ፣ ከራሳቸው ቦታ አስቀመጡኝ። ቁርበት አነጠፉልኝ። ሚስታቸው ወጥ አሙቃ እንጀራ አቀረበች። እኔን የምታህል የሰው አገር ልጅ እንዲህ አትስተናገድም። ጠየቅኋቸው። ልጅዎ ስለ ጀልባው ነግሮዎታል? «ልጄ ምንም አይናገርም ነበር» አሉ። «ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይቀመጣል። እኛም አልጠየቅነው።» ስልክ ቁጥሩን ጠየቅሁ። «የለውም» አሉ። ሚስትየዋ እኔ ስበላ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ብቻ እንጀራውን ትጨምራለች።

ስወጣ «እሸኝሻለሁ» አሉ። «አይልፉ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኩ። እምቢ አሉ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ እስከ መኪናው ድረስ መጡ። ወንበር ለመኑልኝ፤ በመስኮቱ በኩል እንድቀመጥ። መኪናው ሲነሳ ኮፍያቸውን አውልቀው ዝናቡ ራሳቸው ላይ እየወረደ ቆሙ።

ማርቆስ እስክደርስ አሰብኩት። ሰው ለእንግዳ ኮፍያ አያወልቅም። ጭቃ ውስጥ ቆሞም አይሸኝም። እንደዚያ የሚደረገው ለሐዘንተኛ ነው።

ያን ቀን ማታ ለይበልጣል ጻፍኩለት። «አባ ናዳ ሞተ። ሰምተሃል?» አባ ናዳ ከሞተበት ቀን ጀምሮ አልጻፍኩለትም ነበር። የፈራሁት ይህን ነው፦ አባ ናዳ ሞቶ ይበልጣል ዝም አይልም። እስር ቤት ቢሆን ሰው ለምኖ ይደውላል። በረሃ ላይ ፍየል እየጠበቀ ቢሆን እንኳ ወሬው ይደርሰዋል፤ ለእኛ ለሉማሜ ልጆች በአንድ ሌሊት የደረሰ ወሬ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልደወለም ሲሉኝ ሺህ ምክንያት ነበረኝ። ስልክ የለውም፣ አሠሪው ከለከለው፣ አፍሮ ነው። ለዚህ ግን ምክንያት አጣሁ። አንድ ምልክት መጣ። እስከ ዛሬ አንድ ነው።

ለእማዬ ይጁቤ መሄዴን አልነገርኳትም። ማርቆስ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ነበር አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ አልዋሽም እያልኩ ኖሬ፣ ያን ቀን ዋሸሁ። መዋሸት በደንብ እንደምችልበትም አየሁ።

አሁን ሻይ ቤቱ እንደ ድሮው ይሠራል። እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች ሻይ ትቀዳለች። ሾፌር አትጠይቅም። የጅቡቲ መኪና ሲቆም ሒሳቡን ትቀበላለች፣ መልሱን ትሰጣለች። ሰው ሁሉ «ስመኝ ተረጋጋች» ይላል። እውነት ነው፤ ሌሊት ትተኛለች። እኔ ነኝ የማልተኛው።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤቱ ባዶ ነበር። ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለ ከኋላዬ መጥታ ጀርባዬን ዳበስ አደረገችኝ። እናቴ የመዳበስ ነገር የላትም።

«አስካልዬ» አለችኝ። «ቂም እንዳትይዢብኝ። ያን ለት ገፍቼሻለሁ።»

«ምንም አይደል እማ።»

«አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ይሄ ሰፈር እስክሞት ያስጠብቀኝ ነበር። ሁሉም ሲፈሩ አንቺ ደፈርሽ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር። እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ግን የትኛውን እውነት? የማለዳውን ወይስ የይጁቤውን? ዞሬ አየኋት። ፊቷ ደክሟል፤ ግን አይጠብቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላየሁት ፊት ነው።

«አሜን» አልኩ።

አሁን የሚሰማኝን ንገሪን ብትሉኝ እንደዚህ ነው። ለአባ ናዳ አላለቀስኩም። ያን ለት የጮህኩት ለእሱ ይሁን ለሌላ ሰው አላውቅም፤ ሳስበው ሁሌ መልሱ ይለዋወጥብኛል። ሬስሊንግ ማየት ትቻለሁ። ሰፈሩ ይበልጣል ሞቷል ብሎ ያምናል፣ እናቴ ታምናለች፣ እኔም አምናለሁ መሰለኝ። ግን ማንም አላየም፣ ማንም አልነገረን። ይበልጣልን የገደለው ወሬ ከሆነ ያወራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ቢገባ እንኳ የእናቴ ድንጋጤ ነው የሚታየኝ፤ ደስታው አይታየኝም። ይህን ያህል ነው የቀረኝ።